ሁለት መቶ ስድስተኛዋ

«ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ወድቀዋል! አንድ ሽማግሌ ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ እናንተ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ?»

የኔአለም ይህን የሰማችው የቢሮውን በር ልትከፍት እጇን እጀታው ላይ እንዳሳረፈች ነው። ቀኑ ሰኞ፣ የመጻጉዕ ማግስት፣ ሰዓቱም ከጧቱ ሁለት ተኩል ቢሆን ነው። በደብረ ማርቆስ በጾም ሰኞ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ሆድ ባዶ ሲሆን ጉሮሮም ይቆጥባል። ስለዚህ በሩን ቶሎ ከመክፈት ይልቅ ጥቂት ቆማ አዳመጠች። ማድመጥ ነውር መሆኑ ጠፍቷት አይደለም፤ ቁጥሩ ይዟት ነው። ሁለት መቶ ቢሆን ሰው አጋነነ ይባላል። ይህች ስድስት ግን ከየት መጣች?

ቢሮው ከአንድ መድኃኒት ቤት ፎቅ ላይ የተከራዩት አንድ ክፍል ነው። ግማሹን ጠረጴዛ፣ ግማሹን ባዶ ካርቶን ሞልቶታል፤ መስኮቱ ሲከፈት የባጃጅ ጡሩንባ፣ ሲዘጋ የመድኃኒት ሽታ ይገባል። የጥናቱ ኃላፊ አቶ ጌቱ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዘው መሐል ወለል ላይ ቆመዋል፤ እንግዳዋን ሊያበርዱበት ያነሡት ውኃ ነው፣ በጾም ሰዓት ለማን እንደሚሰጡት ግን ጨንቋቸዋል። እንግዳዋ ሥራነሽ ትባላለች። መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይጠጋል፤ ስልኳን እንደ ክስ ወረቀት ወደ ፊት ዘርግታ ይዛለች። «ከዐሥር ቀን በፊት ደኅና ሰው ነው ያስረከብኳችሁ» ትላለች።

ያስረከበችው ሰው አባቷ ናቸው፤ የኔታ ፍቅረ ሥላሴ፣ የጾመ ድጓ መምህር፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በአንዲት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ። ጥናቱ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ነው። እንቅስቃሴ የሚለኩትን ሦስት መሣሪያዎች ያሠረችላቸው የጥናቱ ባለሙያ የኔአለም ራሷ ናት፤ አንዱን በቀኝ እጃቸው አንጓ፣ አንዱን በመቀነታቸው፣ አንዱን በቁርጭምጭሚታቸው። ሦስቱም የተሰማቸውን ሁሉ ለአንዲት ጥቁር ሳጥን ይነግሯታል። ሳጥኗ አንድ ዳዊት ብታህል ነው፤ ከመጻሕፍቱ ጎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ የሰውየውን አኳኋን ታጠናለች፤ መቀመጡን፣ መሄዱን፣ መተኛቱን፣ መውደቁን። የምትማረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፣ ያየችውንም ወደ ውጭ አታወጣም፤ ሰኞ ጧት ብቻ ለቤተሰብ ስልክ አንዲት አጭር መልእክት ትልካለች። ዝርዝሩን ያሻው ሰው እቤቱ ድረስ መሄድ አለበት። አቶ ጌቱ ይህን ሲያስረዱ «የቤት ገመና ከቤት አይወጣም» ማለት ይወዳሉ። ሰው ሲወድቅ ወዲያው ለቤተሰብ የሚደውል ደወልም አላት፤ እሱ ግን ሳጥኗ የቤቱን ባለቤት በደንብ ለይታ እስክታውቅ ተዘግቶ ይቆያል፤ አለበለዚያ ከተማው በሙሉ በሐሰት ደወል ይታመሳል።

«ስሕተት ሊሆን ይችላል እኮ» አሉ አቶ ጌቱ።

«ስሕተት ከሆነ ለምን ላካችሁልኝ? እውነት ከሆነስ ለምን ዝም አላችሁ?»

 ሥራነሽ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለዐሥር ሰዓት መኪና መቅጠሯን፣ የአባቷን ዕቃ ጭና ወደ ቤቷ እንደምታስገባቸው፣ ከእንግዲህ የሚያግዳት ሰው እንደሌለ ተናገረች። ቤቷ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላው የከተማው ጫፍ።  የኔታ በቀን አራት ደቀ መዛሙርት ያስተምራሉ፤ ከዚያች ክፍል ከወጡ ጉባኤው ይበተናል። ሽማግሌው መሣሪያዎቹን የታሠሩ ዕለት ያሉትን አልረሳችውም፦ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የምታሠረው ከዚህ ቤት እንዳልነሣ ብዬ ነው።» እሷም «አይነሡም» ብላቸው ነበር። የሰው አፍ እንዴት ይፈጥናል!

«እኔ አብሬዎት ልሂድ፣ እትዬ ሥራነሽ» አለች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ዝርዝሩን እዚያው ከፍቼ ልየው።»

ሥራነሽ ሱቋን ለሰው እስክታስረክብ ስላረፈደች በአምስት ሰዓት በባጃጅ ሄዱ። ሥራነሽ በመንገድ ላይ ብዙ አወራች፤ ስለ አባቷ ግን አይደለም። የደብተር ዋጋ መናሩን፣ ወላጆች እስክሪብቶ በነጠላ መግዛት መጀመራቸውን፣ ዘይት ሰሞኑን ስንት እንደገባ፣ የሽሮ አተር ከቁይ ገበያ ሲመጣ እንደሚሻል ነገረቻት። ባጃጁ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሲታጠፍ ወሬዋን አቋረጠች። «እንዴት ነው ግን» አለች፣ «ትናንት አብሬያቸው ዋልኩ። ከስምንት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ አብረን ተቀምጠን ነበር። አንድ ነገር አይነግሩኝም?» 

የኔታ ክፍል የጭቃ ነው፤ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ጋዜጣውም ከማርጀቱ የተነሣ ዜናው ሁሉ ተረት ሆኗል። በአንድ ወገን መደብ፣ መደቡ ላይ አጎዛ፤ በሌላው ወገን መደርደሪያ፣ ሁለት መቋሚያ፣ አንድ ጀሪካን፤ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ችንካር፣ ችንካሩ ላይ ጾመ ድጓው በቆዳ ማኅደሩ ተንጠልጥሏል። ልጃቸው በስልክ «ዕቃዎን ያሰናዱ» ብላቸው ነበር። አንዲት ማንኪያ እንኳ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እሳቸው መደቡ ላይ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ለሰላምታም የግራ እጃቸውን ብቻ ነው ብቅ ያደረጉት።

«ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ወደቅሁ አሉኝ» አሉ ለየኔአለም፣ ዓይናቸው እየሣቀ።

«ሳጥኗ እንደዚያ ነው የምትለው፣ የኔታ።»

«ታዲያ ሁለት መቶ ስድስት ጊዜ ተነሥቻለኋ! እሱን ለምን አልጻፈችም?»

«አይቀልዱ፣ አባዬ» አለች ሥራነሽ። ወለሉ ላይ ያለውን ጀሪካን አንሥታ ጥግ አስያዘችው፤ እንደገና አንሥታ ወደ ነበረበት መለሰችው። አባትና ልጅ ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። የኔአለም ታብሌቷን አውጥታ ከሳጥኗ ጋር አገናኘች።

ዐርብን ከፈተች፤ አርባ አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ኀሙስን ከፈተች፤ አርባ አንድ። የሁለቱም ቀን ውድቀት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ስድስት ተሩብ ሳይሞላ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቀኑን ሙሉ እንደ ጽድ ቀጥ ብለው ይውላሉ። እንግዲህ በምሳ ሰዓት ላይ ቆጥሮ የሚወድቅ ሰው ከየት ተገኘ?

«የኔታ፣ በስድስት ሰዓት ምን ያደርጋሉ?»

«ሰው የራሱ ጉዳይ አይጠፋውም።»

«እኮ፣ ምን ጉዳይ?»

«አንቺ ደግሞ ከሳጥንሽ ባስሽ!» አሉና ሣቁ። የኔአለም ሰዓቷን አየች፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ማየት ነው አለች በልቧ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያልተፈታ ነገር እንቅልፍ ይነሣታል፤ እናቷ «አንቺን የወለድኩ ዕለት ጥያቄም አብሮሽ ተወለደ» ትላት ነበር። ስድስት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የኔታ ከመደቡ ተነሡ፣ መቋሚያቸውን አነሡና ሁለቱን ሴቶች በትሕትና ከክፍሉ አስወጥተው በሩን ዘጉት።

ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ታብሌቱ የኔአለም ጭን ላይ ነው። በላዩ ሦስት መስመሮች ይሄዳሉ፤ ቀዩ የእጅ፣ አረንጓዴው የወገብ፣ ሰማያዊው የእግር። መጀመሪያ ሦስቱም ዝም ብለው ተኝተው ነበር። ከዚያ አረንጓዴው ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀዩ ተከተለው፣ ሰማያዊው ካለበት አልተነቃነቀም፤ ወዲያው ሁለቱ ተመልሰው ወጡ። እንደገና ወረዱ፣ እንደገና ወጡ። ከበሩ ጀርባ የጉልበት ድምፅ ወለሉ ላይ፣ ከድምፁም ጋር በለሆሳስ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይሰማል። ሳጥኗ በእያንዳንዱ መውረድ ላይ በቀይ ፊደል «ወደቀ» ብላ ትጽፋለች። የኔአለም ሣቋ አመለጣት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ወደ ሥራነሽ ዘወር ስትል ግን ሣቁ ከፊቷ ጠፋ። ሥራነሽ እያለቀሰች ነበር።

«ጉልበቴን ካሉ ወዲህ የተዉት መስሎኝ ነበር» አለች። «እኔ የምመጣው እሑድ እሑድ ነው፤ በሰንበት ደግሞ ስግደት የለም። ከየት ልየው? ሐኪሙ እንኳ ከልክሏቸዋል።»

«ለምን አልነገሩንም ግን?»

«ስግደት ይወራል እንዴ? እሳቸውን ታውቂያቸዋለሽ? መቶ ጊዜ ወደቁ ቢባሉ ይመርጣሉ እንጂ ሰገድኩ ብለው አይናገሩም።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች። አርባ አንድ ሲሞላ ሦስቱም መስመሮች ተኙ።

በሩ ሲከፈት የኔታ ፊታቸው ላብ ብሎ፣ ጋቢያቸውን እንደገና ተከናንበው ቆመዋል። የሴቶቹን ፊት አይተው የሆነውን ተረዱት፤ እንደ ተያዘ ተማሪም አቀረቀሩ። የኔአለም መሣሪያው መውረድን ሁሉ መውደቅ እንደሚለው፣ ሲሠራ ያየው የወደቀና የሄደ ሰው እንጂ የሚሰግድ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ነገረቻቸው። የተወለደበት አገር የሚሰግድ ሽማግሌ አልነበረም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉ የኔታ ሳጥኗን እየተመለከቱ። «ሳትማር ነው ያስተማረችው። በይ አስተምሪያታ!»

የኔአለም አርባ አንዱንም መውረዶች በታብሌቱ ላይ ምልክት አደረገችባቸውና በስማቸው ቦታ «ስግደት» ብላ ጻፈች። ሳጥኗ አረንጓዴ መብራቷን እያርገበገበች አሰበች። ከዚያ ያለፈውን ሳምንት እንደ አዲስ እንድታነበው አዘዘቻት። መልሱ መጣ፤ መውደቅ ዜሮ፣ ስግደት ሁለት መቶ ስድስት። ሥራነሽ «እሰይ!» ብላ ጮኸች። አባቷን ትከሻቸውን ሳመች፣ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሷ ሣቀች፣ እሳቸውም ሣቁ፤ ለሹፌሩ ደውላ እንዳይመጣ ነገረችው። ሱቋን ለሰው ጥላ ስለመጣች በሰባት ሰዓት ተነሥታ ሄደች። በሩ ላይ ዘወር ብላ «በዚህ ዕድሜ አርባ አንድ ግን ይበዛል» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

እዚህ ላይ ነገሩ አልቆ ነበር። የኔአለምም ታብሌቷን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች ነበር። ግን ያቺ የጧቷ ስድስት ተመልሳ መጣች። ሰኞ አርባ አንድ፣ ማክሰኞ አርባ አንድ፣ ረቡዕ፣ ኀሙስ፣ ዐርብ። አርባ አንድን በአምስት ስታበዛ ሁለት መቶ አምስት ሆነባት። እንደገና አበዛች፤ ሁለት መቶ አምስት። አንዲት ተረፈች። ቸርቻሪ ብትሆን ኖሮ ትርፍ ሲገኝ ዝም ትል ነበር፤ እሷ ግን ታብሌቱን መልሳ አወጣችው። የእያንዳንዱን ቀን አንድ በአንድ ከፈተች። አምስቱ ቀናት አርባ አንድ አርባ አንድ ናቸው። ቅዳሜ ምንም። እሑድ፦ ስግደት፣ አንድ። ሰዓቱ ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ።

የኔአለም የዲያቆን ልጅ ናት። በሰንበት እንደማይሰገድ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልጋትም። ሦስቱን መስመሮች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በስግደት ጊዜ እግር ይቆማል፣ ወገብ ቀድሞ ይወርዳል፣ እጅ ይከተላል። በእሑዱ ላይ መጀመሪያ የተነቃነቀው እግሩ ነበር፤ ድንገት ወደ ፊት ሸሸ፤ ከዚያ እጁ ወደ ጎን ተወረወረ፤ ወገቡ በመጨረሻ መጣ። አንዱን መሣሪያ ብቻ ብታይ ኖሮ ከሌሎቹ አትለየውም፤ የወገቡ መስመር ቁጭ የዐርቡን ይመስላል። ሦስቱ አብረው ሲናገሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደግሞ አንድ ስግደት አምስት ሴኮንድ ይፈጃል፤ ይህችኛዋ አራት ደቂቃ ከዐሥራ አንድ ሴኮንድ ፈጅታለች።  ሳጥኗ ጧት ስለዚህች አንዷ እውነቷን ነበር፤ እውነቱን በስግደት ያስሸፈነቻት እሷ ራሷ ናት።

«የኔታ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሑድ ይሰገዳል እንዴ?»

«በሰንበት ስግደት የለም። አባትሽ ዲያቆን አይደል? ይህን አላስተማረሽም?» አሉ ወዲያው፤ የሃምሳ ዓመት የመምህርነት ልማድ ነው፣ ለጥያቄ መልሱ ከሐሳባቸው ይቀድማል። ከተናገሩ በኋላ ነው የገባቸው። ሳጥኗን አዩ፣ የኔአለምን አዩ፣ ከዚያ ችንካሩ ላይ የተንጠለጠለውን ማኅደር አዩ።  ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው አህያ እየነዳ አለፈ።

«ከቅዳሴ ገብቼ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጾመ ድጓውን ላወርድ ባለ ሦስት እግሩ ዱካ ላይ ወጣሁ፤ ዱካው ከዳኝ። አይገርምሽም? የመጻጉዕን ነገር፣ ‹ተነሥና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ› የተባለውን ሰው ስንዘምር አድረን፣ እኔ ቤቴ ገብቼ ወደቅሁ። የሚያነሣኝም አልነበረም። ጣራውን እያየሁ ተኛሁ።» ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ቀኝ ክርናቸው አብጦ ጠቁሯል። በዚህ ክርን ነበር ዛሬ አርባ አንድ ጊዜ መሬት የነኩት።

«ትናንት እትዬ ሥራነሽ ስትመጣ ለምን አልነገሯትም?»

«ብነግራት ዛሬ እዚህ ታገኚኝ ነበር?» አሉ። «ልጄ፣ አራቱ ልጆች ጾመ ድጓውን ከግማሽ በላይ ዘልቀዋል። ጾሙ ሳይፈታ እንጨርሳለን ብለናል። እዚያ ፎቅ ላይ ከወጣሁ ማን ይመጣልኛል? እስኪ አስቢው፤ ሁለት መቶ አምስቱ ስግደት ናቸው፣ ይህችን አንዲቷን ከእነሱ ጋር ተያት። ማንም አይጎዳባት።»

የኔአለም ልትተዋት ፈለገች። እውነቱን ለመናገር ከልቧ ፈለገች፤ ቃል የገባችላቸው እሷ ናት፤ አንዲት ነገር ነች፤ ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሳጥኗንም የሚመረምር ሌላ ሰው አይመጣም። ግን ስለ ሳጥኗ የምታውቀውን ማወቋን ልትተው አልቻለችም።

«የኔታ፣ ይህችን ስግደት ናት ካልኳት እውነት ብላ ትማራታለች» አለች። «ነገ ከነገ ወዲያ ሲወድቁ ‹የኔታ ሰገዱ› ብላ ዝም ትላለች። ወለሉ ላይ አራት ደቂቃ አይደለም አራት ሰዓት ቢተኙ ለማንም አትናገርም።»

 ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የኔታ ጥራጥሬያቸውን ቀመሱ፣ ለእሷም አካፈሏት። ደቀ መዛሙርቱ አንድ በአንድ መጡና አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዜማውም ተጀመረ። ትልቁ ተማሪ መሐል ላይ አንዲት ምልክት ሳተ፤ የኔታ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱ፤ ተማሪው ተመልሶ አነሣው፣ እንደገና ሳተ፣ እንደገና መቱ። በሦስተኛው አቀናው። ያን ጊዜ የኔታ ዓይናቸውን ገልጠው በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን የኔአለምን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«እኔ የአንድ ምልክት ስሕተት አሳልፌ አላውቅም» አሉ። «ተማሪ የተሳሳተውን ከነስሕተቱ ለተማሪው ያስተላልፋል፤ እሱም ለተማሪው። አምጪው።» ታብሌቱን ተቀበሏት። የት እንደሚነካ አሳየቻቸው፤ በግራ እጃቸው ጣት «ስግደት» የሚለውን አጥፍተው «መውደቅ» የሚለውን ራሳቸው ነኩት። «በስልክም ለልጄ የምነግራት እኔ ነኝ። ከሳጥን አትስማው።»

በስልክ የተባባሉት አጭር ነበር። «እሑድ ወድቄያለሁ። አንድ ጊዜ። የቀረው ስግደት ነው» አሉ።  «ሁለት መቶ ስድስት ሲሉሽ መኪና ይዘሽ መጣሽ፤ አንድ ስልሽ ዝም ትያለሽ?» አሉ ደግሞ፣ ሊያስቋት አስበው። ሥራነሽ አልሣቀችም። ስልኩ ተዘጋ።

የኔአለም በዚህ መሐል ግቢው ውስጥ ወጥታ ለአቶ ጌቱ ደወለች። ሳጥኗ አሁን ስግደትንና መውደቅን የምትለይ ከሆነ የአደጋ ደወሏ ይከፈት ዘንድ ጠየቀቻቸው። አቶ ጌቱ አንድ ውድቀት ብቻ አይቶ ተምሬያለሁ የሚል ሳጥን አይታመንም አሉ፤ አልተሳሳቱም። ክርክሩን የጨረሱት የኔታ ነበሩ፣ ከበሩ ላይ ሆነው። «ስግደትን ከመውደቅ የሚለየው አወራረዱ አይደለም፣ መነሣቱ ነው» አሉ። «የሰገደ ሰው ይነሣል። አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ካልተነሣሁ ወድቄያለሁ ማለት ነው። ይህን ንገሪያትና ትጥራት።» አቶ ጌቱ በስልክ ውስጥ «ይህን እኔ ማሰብ ነበረብኝ» አሉና ፈቀዱ። የኔአለም ልኩን አስገባች፤ ወርዶ በዚያን ያህል ጊዜ ካልተነሣ፣ ለሥራነሽ ደውዪ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን መኪናው መጣ። ሥራነሽ በቀትር ያስቀረችውን መልሳ ቀጥራዋለች። ከሹፌሩ ጎን ወርዳ፣ ፊቷን አጥቁራ ገባች፤ ደቀ መዛሙርቱ ዜማቸውን አቁመው ብድግ አሉ።  ከችንካሩ ሥር ያለውን ዱካ አየችው፣ አንሥታ ወደ ውጭ ወረወረችው። ከዚያ የአባቷን ጋቢ ገልጣ ክርናቸውን አየች።

«ትናንት በዚህ እጅ ነበር ቆሎ የዘገኑልኝ?» አለች።

«በግራዬ ነው።»

«አላየሁም። አጠገብዎ ተቀምጬ አላየሁም» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ ይሁን ልቅሶ አይለይም። «እኔ ሳላይ ሳጥን ያየዎታል። እስከ ሰኞ እየጠበቅሁ መልእክት ላንብብ?»

የኔታ ለየኔአለም በዓይናቸው ጠቀሱ። እሷም ሳጥኗ ከዛሬ ጀምሮ ሰኞን እንደማትጠብቅ፣ ወዲያው እንደምትጠራ ለሥራነሽ አስረዳቻት። ሥራነሽ ሳጥኗን በንቀት አየቻት። «ጧት ሁለት መቶ ስድስት ያለችውን ነው የማምነው?» አለች። እውነት አላት። ከውጭ ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ።

የኔታ መቋሚያቸውን ለትልቁ ተማሪ ሰጡ። አጎዛውን በእግራቸው ገፉ፤ በግራ እጃቸው መደቡን ይዘው፣ ማንም ሳይደርስላቸው፣ ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ወረዱና በጎናቸው ተጋደሙ። ሥራነሽ «አባዬ!» ብላ ልታነሣቸው ስትል በእጃቸው አገዷት። «ዝም በይ። ሳጥኗ ፈተና ላይ ናት» አሉ።  ተማሪዎቹ በለሆሳስ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ የሥራነሽም ከንፈር ሳታውቀው አብሯቸው ይንቀሳቀሳል። የኔአለም አረንጓዴዋን መብራት እያየች እጆቿን ጨብጣለች፤ ሦስቱ መስመሮች ከታች ተኝተዋል። «ለዓለመ ዓለም» ተባለ፤ ምንም የለም። «አሜን» ተባለ፤ ምንም የለም። ሹፌሩ እንደገና ጡሩንባ ነፋ።

ያን ጊዜ የሥራነሽ ስልክ የአባቷን ስም አሳይቶ እጇ ውስጥ ጮኸ። ደነገጠች፤ አባቷ እግሯ ሥር ተኝተው እያየቻቸው እንኳ፣ እንደ ልማዷ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አነሣችው።

«አቤት አባዬ» አለች።

የኔታ ከወለሉ ላይ ሆነው ቀና ብለው አዩዋት። ሲወድቁ ማንንም ያልጠሩ ሰው ናቸው፤ የጥሪው ቃል ለአፋቸው እንግዳ ሆኖባቸው ጥቂት ዘገዩ።

«ወድቄያለሁ፣ ልጄ» አሉ። «አንሺኝ።»

ሥራነሽ ስልኩን መደቡ ላይ ወርውራ ጎንበስ አለች፤ ሁለቱንም እጇን በብብታቸው ሥር አስገብታ አነሣቻቸው። ደግፋቸው እንደቆመች፣ ወደ በሩ ሳትዞር፣ «ሹፌሩን ይሂድ በይልኝ» አለቻት የኔአለምን።